በጣት የተቆጠረ ሕመም

ያኔ የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ጎንደር አራዳ ውስጥ፣ ከጨርቅ ሱቆች በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ጉንጩ ያበጠ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ፋሻ ነክሶ የሚወርድ ካጋጠመው አንዱ ግድግዳ ተጠግቶ ማሳለፍ ነበረበት። ሁለት የሕክምና ወንበር ነበረን፤ በመስኮቱ በኩል ያለው የእኔ፣ በበሩ በኩል ያለው የባልደረባዬ። በመካከላችን ነጭ የሸራ መጋረጃ ተሰቅሏል። ስለ እሷ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅሁት በዚያ ሸራ በኩል እየሰማሁ ነው።

ከእኔ አንድ ዓመት ዘግይታ ነው የተመረቀችው። ከደባርቅ ወዲያ ያለ የድብ ባሕር ገበሬ ልጅ ናት፤ ከተማ ገባሁ ብላ አነጋገሯን አልለወጠችም፣ ያደገችበትን አማርኛ እንዳለ ይዛው ነው የመጣችው። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በአንድ ደብር ዜማ ያስተምራሉ። ፊደል የቆጠርኩትም ዳዊት የደገምኩትም በእሳቸው እጅ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላም ከአንደኛነት ወርጄ አላውቅም። ይህን የማነሳው ልኩራራበት ብዬ አይደለም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚቀኑብኝ ሰዎች እንጂ የምቀናበት ሰው አልነበረኝም፤ ስለዚህ ቅናት ሲመጣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ዘገየሁ።

ነገሩ የተጀመረው የክሊኒኩ ባለቤት የሆኑት አንጋፋ ሐኪም ባመጡት ሐሳብ ነው። ሰው የጥርስ ሐኪም የሚፈራው ጥርሱ ሲነቀል በሚሰማው ሕመም አይደለም፤ ያን ጊዜማ ደንዝዟል። የሚፈራው የማደንዘዣው መርፌ ላንቃው ላይ የሚገባባትን ቅጽበት ነው። የላንቃ ሥጋ ስስ ነው፣ አጥንቱ ላይ ተጣብቆ የተወጠረ ስለሆነ መርፌ አይችልም። ለዚህ ሲባል መርፌው ከመግባቱ በፊት ቦታውን የሚያደነዝዝ ቅባት አለ። እኛ ሁለት ዓይነት እናገኝ ነበር፤ የሁለቱም አቅራቢዎች «የእኔ ይሻላል» ይላሉ።

«አቅራቢውን እንተወውና የታካሚውን አፍ እንጠይቅ» አሉን ዶክተሩ አንድ ቀን ጠዋት ሁለታችንንም ቢሯቸው ጠርተው። «የትኛው ነው በእርግጥ የሚያደነዝዘው? እናንተ ትለካላችሁ፣ እኔ ደምሬ አያለሁ።»

ሕመምን መለካት መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ፈቃደኛ የሆነው ታካሚ ይፈርማል፣ ወይም አውራ ጣቱን ያትማል። ላንቃውን በጥጥ እናደርቃለን። ከሽንብራ ፍሬ የማትበልጥ ቅባት በጥጥ ጫፍ አንስተን ቦታው ላይ እናደርጋለን። ሦስት ደቂቃ እንጠብቃለን። ከዚያ ቅባቱን ጠርገን በቀጭን መርፌ ነካ እናደርገዋለን፤ መርፌዋ ከተወሰነላት በላይ እንዳትጠልቅ ጫፏ አጠገብ ትንሽ የጎማ ቀለበት ገብቶባታል። ታካሚው ምን ያህል እንዳመመው ከዜሮ እስከ አሥር ይነግረናል።

ዶክተሩ በመጀመሪያ ያዘጋጁት ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ነበር፤ በግራው ጫፍ ምንም ያላመመው፣ በቀኙ ጫፍ የመጨረሻው ሕመም። ታካሚው የራሱን ሕመም ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት እንዲያደርግ ነው። ከገጠር የመጡት ሰዎች እስክሪብቶውን ይቀበሉና መስመሩን ያያሉ፣ ቀጥለው እኛን ያያሉ፣ በመጨረሻ እስክሪብቶውን መልሰው ይሰጡናል። «አፋቸው ቢከፈት እጃቸው ሥራ ፈት ነው፤ ለምን በጣታቸው አይቆጥሩም?» ያለችው እሷ ነች። ከዚያ ወዲህ ሕመም በጣት ሆነ። አንድ ሽማግሌ ሁለት ጣት አንስተው ሦስተኛዋን ከመገጣጠሚያዋ ላይ አጥፈው ሁለት ከግማሽ መሆኑን ያሳዩን ትዝ ይለኛል። ዶክተሩ በጣም ደስ ብሏቸው ሐሳቡ የማን እንደሆነ ለመጣው ሁሉ ይነግሩ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

የትኛው ቅባት የትኛው እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም። የእንግዳ መቀበያዋ ነርስ በተመሳሳይ ስሪንጅ ሞልታ ሀ፣ ለ እና ሐ ብላ ትጽፍባቸዋለች። ከሦስቱ አንዱ ምንም ማደንዘዣ የሌለበት ተራ ቅባት ነው፤ ይህም ሊደርሰው እንደሚችል ለታካሚው አስቀድሞ ይነገረዋል። ፊደሎቹ የተፈቱበት ወረቀት ታሽጎ በዶክተሩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ መዝገቡን ሳገላብጥ አየሁት። እኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አራት፣ አምስት፣ ስድስት ጣት ያነሳል። እሷ ጋ አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት። ሀ ቢሆን፣ ለ ቢሆን፣ ሐም ቢሆን ያው ነው። አንደኛው ፊደል ማደንዘዣ የሌለበት መሆኑን እያወቅሁ፣ የትኛውም ፊደል በእሷ እጅ ከእኔ ያነሰ ሕመም ነበረው። መዝገቡን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ተመልሼ ከፈትኩና ደግሜ ቆጠርኩ።

በሸራው በኩል ጆሮዬን መጣል የጀመርኩት በማግስቱ ነው።

«አያ፣ ከወዴት ነው የመጡ?» ትላለች። ሰውየው አፉ በጥጥ ሳይያዝ ይመልሳል። «ገብሱስ ምን ይመስላል ዘንድሮ?» በዚህ ጊዜ አፉ ተከፍቷል፣ ጥጥ ገብቶበታል፤ ከጉሮሮው አንድ ነገር ይላል። «ሸጋ። እንግዲያ ዝናቡ ሰዓቱን ጠብቆ ጥሎላችኋላ። የእኛን አገር ውርጭ መታው።» ሰውየው በጉሮሮው ያዝናል። «አሁን ቅባቷን ጠረግኋት። ይኸው ነካሁዎት። ስንት ነው?» ጣቱን ያነሳል መሰለኝ። «አንድ? ሸጋ።»

ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለውም።

እኔ ታካሚዬን አከብራለሁ፤ የማደርገውን ሁሉ አስቀድሜ በሥርዓት እናገራለሁ። «አሁን ጥቂት የመወጋት ስሜት ሊሰማዎት ይችላል» እላለሁ። ይህን ስል ሰውየው የወንበሩን ክንድ ጨብጦ እግሩን ይዘረጋል። አንድ ቀን እንደ እሷ ልሞክር ብዬ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣ ጎልማሳ ሰው፣ «ላሚቱ ወለደች?» ብዬ ጠየቅሁት። «ላም የለኝም፣ የጭነት ማኪና ነው የምነዳ» አለኝ። ከሸራው ወዲያ ሳል የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። እየሳቀች እንደሆነ ገባኝ። ሰውየው አምስት ጣት አነሳልኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ መጣ። አንድ ቄስ ጠዋት መጥተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ቅባቱን ወደ አፋቸው ሳስጠጋ የተቀመመበት የሙዝ ሽታ ደረሳቸውና ከንፈራቸውን ገጠሙ። «ጾም ነኝ እኮ ልጄ» አሉ። ልክ ናቸው፤ ጣፋጭ ነገር ነው፣ ገና ጠዋት ነው። ምን እንደምል ሳስብ ነርሷ ብቅ ብላ፣ «ለእሳቸው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የተያዘላቸው፣ በስህተት ነው የገቡት» አለች። ለካ ባልደረባዬ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነርሷ ዘንድ ሄዳ የሚጾሙ ሰዎችን ሁሉ ከሰዓት እንድታስገባቸው ተነጋግራ ኖሯል። ዶክተሩ ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህን አንተ ልታስብ ይገባህ ነበር፤ የመሪጌታ ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። በፈገግታ ነበር ያሉት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ያ ቃል አልወረደልኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ስናገር አሁንም ጆሮዬ ይግላል። ሦስት ደቂቃውን ታረዝማለች ብዬ ጠረጠርኩ። ቅባቱ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ከቆየ ይበልጥ ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ወሬዋም ለዚህ ሽፋን ይሆናል። ስለዚህ እሷ ቀብታ ስትጨርስ እኔ በሸራው ወዲህ የስልኬን ሰዓት አስነሳለሁ፤ «ጠረግኋት» ስትል አቆማለሁ። በራሴ ወንበር ላይ ሰው አፉን ከፍቶ እየጠበቀኝ ይህን አደርግ ነበር። አንድ ሙሉ ሳምንት ለካሁ። ሦስት ደቂቃ ነው። ሁልጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ሦስቱን ደቂቃ ያሳለፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ እሷን ስሰማ።

ምንም ሳጣባት የበለጠ ተናደድኩ። አጭበርብራ ቢሆን ኖሮ እፎይ እል ነበር። አጥፊ ሰው ላይ አይቀናም። እሷ ግን ያው ቅባት፣ ያው መርፌ፣ ያው ደቂቃ ይዛ ሰው ከእጇ ሳይሸሽ ይነሳል። ተራው ወደ እኔ የደረሰ ታካሚ ደግሞ «ሽንት ቤቱ ወዴት ነው?» ብሎ ይወጣና እሷ ነፃ ስትሆን ይመለሳል።

አንድ ከሰዓት ወደ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ። የምናገረውን አስቀድሜ አስተካክዬ ነበር። «ዶክተር፣ የምንለካው ቅባቱን ከሆነ ወሬው አብሮ እየተለካ ነው። እሷ ታካሚዎቹን ታጫውታለች፤ ጣታቸውን የሚያሳንሱት ደንዝዘው ነው ወይስ እሷን ላለማስከፋት ብለው ነው? ለጥናቱ ብዬ ነው» አልኩ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ። «እውነት ነው» አሉ። እውነትም ነበር። ከተናገርኩት አንድም የሐሰት ቃል አልነበረበትም፤ «ለጥናቱ ብዬ ነው» ካልኩት በቀር።

በማግስቱ ሁለታችንም አራት ዓረፍተ ነገር የተጻፈባት ወረቀት ተሰጠን። «አፍዎን ይክፈቱ። ቅባት እቀባለሁ። ሦስት ደቂቃ እንጠብቃለን። የተሰማዎትን በጣትዎ ያሳዩ።» ከዚህ ሌላ አንዲት ቃል እንዳንናገር ተባልን። እሷ ወረቀቷን አንብባ ጨረሰችና በወንበሯ መብራት ላይ ለጠፈቻት።

የእሷ ቁጥር ከፍ አለ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። የእኔ ባለበት ቆየ። በመዝገቡ ላይ እኩል ሆንን። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከሥራ ስወጣ በእግሬ ነበር የምሄደው፤ መንገዱ አጭር ሆነብኝ፤ እቤት ገብቼ በደንብ በላሁ። ከሸራው ወዲያ ሰዎች «እህ» ሲሉ ስሰማ ያ ደስታ ከሰው ሕመም የተቀዳ መሆኑ አልታየኝም ነበር።

የታየኝ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ነው። ዶክተሩ በወር አንድ ጊዜ፣ በገበያ ቀን፣ በክሊኒኩ ማኪና ወደዚያ ይወስዱናል፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተን ጥርስ እናክማለን። ፈቃደኛ የሆነውንም እንለካለን። የዚያን ቀን ብርድ ነበር፤ ነፋሱ በበሩ ሥር እየገባ የጥጥ ማሸጊያዎቹን ያንከባልላል። መጋረጃ ስላልነበረ ወረቀቷ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን እያየሁ ነው የሠራሁት።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ አረጋዊ ገበሬ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው እሷ ፊት ተቀመጡ። የላይኛው መንጋጋቸው አብጦ አንዱ ዓይናቸው ጠብቧል። በደህናው ዓይናቸው አዩዋትና ፊታቸው በራ።

«ያች የምታጫውት ልጅ አንች ነሽ? ጎረቤቴ ነገረኝ። ከሷ ዘንድ ካልሆነ አትክፈት ብሎኛል።»

ወደ እኔ አላየችም። ወደ ዶክተሩ ነው ያየችው፤ እሳቸው በሌላ ጥግ መድኃኒት ያድላሉ። ከዚያ «አፍዎን ይክፈቱ» አለች።

ከፈቱ። «ቅባት እቀባለሁ» አለች፤ ቀባች። «ሦስት ደቂቃ እንጠብቃለን» አለችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰዓቷን ማየት ጀመረች።

ሽማግሌው ጠበቁ። አንድ ነገር ትላለች ብለው ነበር የሚጠብቁት። አንድ ደቂቃ ያህል እንዳለፈ በእጃቸው ጥጡን ከአፋቸው አወጡት። «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁብሽ?»

«ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ምነው ዘጋሽኝ?»

አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ለዚህ የሚሆን የለም። እንደገና ወደ ሰዓቷ አየች። ሽማግሌው ዱላቸውን አነሱ። «ተይው፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ። አይክፋሽ» አሉና ያበጠ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ወጡ። እሷ ጓንቷን አውልቃ፣ ቅርጫት ውስጥ ጥላ፣ አዲስ አጠለቀችና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች።

ስንመለስ ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ነበርን። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ ይዛ እስከ ጎንደር ድረስ በመስኮቱ ስታይ መጣች። አንድ ነገር ልላት ፈለግሁ። ሆኖም በዚያ ሰዓት እንኳ፣ ከጸጸቱ ጎን፣ ሌላ ነገር እየቆጠቆጠኝ ነበር፦ እኚያ ሽማግሌ የእሷን ወሬ ከጎረቤታቸው ሰምተው ነው የመጡት። የእኔን ወሬ የሰማ ሰው የለም።

በዚያው ሳምንት ዶክተሩ መዝገቡን ዘርግተው ጠሩን። «ይህን ማቆም አለብን» አሉ። «ከወረቀቷ በፊት ያለው ሌላ፣ ከወረቀቷ በኋላ ያለው ሌላ ሆኗል። አሠራሩን መሐል ላይ ቀይሬ ሁለቱን አንድ ላይ ልደምራቸው አልችልም። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ሳልጀምር ነበር ማሰብ የነበረብኝ።» እኔን አላነሱም። ያን ጊዜ ቢያነሱኝ ይሻለኝ ነበር። የታሸገው ወረቀት ሳይከፈት መዝገቡ ውስጥ ተደርጎ መሳቢያው ተዘጋ። የስንቱን ሰው ላንቃ የወጋንበት ሥራ በዚያ አበቃ፤ ሀ ከለ ይሻል እንደሆን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወረቀቷ ከመብራቱ ላይ ተነሳች፣ ከሸራው ወዲያም ስለ ገብስና ስለ ውርጭ ወሬው ተመለሰ።

አባቴ የመጡት ከትንሣኤ በኋላ ነው። ከላይኛው ክራንቻቸው አጠገብ ያለችው ጥርስ ከወራት ጀምሮ ታሠቃያቸው ነበር፤ እኔም እንዲመጡ እለምናቸው ነበር፤ ነገ ሲሉኝ ከረሙ። የዚያን ቀን ሳይነግሩኝ ደረጃውን ወጥተው መጡ። ድምፃቸውን ከእንግዳ መቀበያው ሰማሁት፤ የዜማ ሰው ድምፅ በሸራ አይታገድም።

«ልጅዎ አሁን ነፃ ነው፣ ይግቡ» አለቻቸው ነርሷ።

«የለም» አሉ። «ያችኛዋን ልጅ ነው የፈለግሁ። የምታጫውተዋን።»

ስሪንጅ ይዤ ነበር። ትሪው ላይ አስቀመጥኩት። ስለ እሷ ለአባቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ በየማታው እራት ላይ እያማረርኩ፣ እያቃለልኩ፣ ገበሬ እንዴት እንደምታጫውት አነጋገሯን እየቀዳሁ። ከማማረሬ ውስጥ አባቴ የሰሙት የማያሳምም እጅ መኖሩን ብቻ ነው።

እሷ በዚያ ሰዓት አንዲት ሴት እያከመች ነበር። በሸራው ጫፍ ብቅ ብላ፣ «የኔታ፣ እስክጨርስ እሱ ቅባቱን ይቀባልዎ፣ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ እደርሳለሁ» አለቻቸው። አባቴ እሺ ብለው የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓይኔን አላዩም። «ጥርሷ ስትወጣ "ሠ" እያፏጨብኝ እንዳይቀር» ብቻ አሉ፤ እውነተኛው ፍርሃታቸው እሱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አያፏጭም፣ አባባ። ወደ ጎን ናት» አልኳቸው። ላንቃቸውን አደረቅሁ፣ ቅባቱን አደረግሁ፣ ጥጥ አስያዝኳቸው። ሰዓቱን አስነሳሁ። እሷም ጨርሳ መጥታ እጇን እየታጠበች ቆመች።

ለምን በዚያ ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት አባቴ መናገር ስለማይችሉ ይሆናል።

«አባባ፣ ምላሽ ሳይሰጡኝ የሚሰሙኝ ሦስት ደቂቃ ስላገኘሁ አንድ ነገር ልንገርዎ» አልኩ። «ያ ጥናት የተበላሸው በእኔ ነው። ወሬዋን አስቁሙልኝ ብዬ ለዶክተሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። ለሥራው አስቤ አልነበረም። ሰው እሷን ስለመረጠ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንድ የታመሙ ሽማግሌ በእኔ ምክንያት ሳይታከሙ ወጥተዋል።»

የቧንቧው ውኃ ቆመ። አባቴ አፋቸው ተከፍቶ ኮርኒሱን እያዩ ነው። እኔ ስልኬን አያለሁ፤ ገና አንድ ደቂቃ ከግማሽ ይቀራል። ከዚያ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ሦስታችንም ያችን አንድ ደቂቃ ከግማሽ በዝምታ ጠበቅናት። ከዚያ የረዘመ ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ አሳልፌ አላውቅም።

«ሞላ» አለች እሷ። በወንበሩ በቀኝ በኩል ዞራ መጣች፤ ቦታ ለቀቅሁላት። «የኔታ፣ ስንት ተማሪ አለዎት ዘንድሮ?» ብላ ጀመረች፤ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ማኅሌቱ፣ ክረምት ላይ ጣሪያው ስለሚያፈሰው ጎጆ እየጠየቀች፣ እየመለሰችላቸው መርፌውን አስገባች፣ አወጣች። ልማድ ሆኖብን ነው መሰለኝ «ስንት ነው?» አለቻቸው። አባቴ ምን እንደሚጠየቁ ያውቃሉ፤ ነግሬያቸዋለሁ። አንድ ጣት አነሱ።

ሁሉንም ተናዝዤ ቆሜ ሳለሁ ያችን አንድ ጣት አይቼ ቀናሁ።

አባቴ ለሁለት ቀን ፋሻና እብጠት ስለነበረባቸው ብዙ አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

«የነገርከኝን ሰምቻለሁ» አሉ። «ለእኔ ነው የነገርከኝ ወይስ ለእሷ?»

«ለእሷ ነው።»

«እሷ እዚያው ቆማ የለም እንዴ? ምነው ታዲያ ፊትህን ወደ እኔ አዞርክ?»

ቦርሳዬን አነሳሁ። «ሂድና ለራሷ ንገራት» አሉኝ። ከዚያ «ሠ» የሚበዛበትን ቃል ደጋግመው ሞከሩ፤ አላፏጨም።

ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታካሚ ከመግባቱ በፊት ሸራውን ገልጬ ፊቷ ቆምኩ። እቃዎቿን እየደረደረች ነበር። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ምንም ሳታጠፊ ነው የቀናሁብሽ።»

መደርደሯን አላቆመችም። «ያን ቀን ከመናገርህ በፊትም አውቅ ነበር» አለች። «እኔ ቀብቼ ስጨርስ ያንተ ስልክ ከወዲያ "ጢጥ" ትላለች። ስጠርግም "ጢጥ"። ሳምንት ሙሉ። ምን እያደረገ ነው እያልኩ ቆየሁና ወረቀቷ ስትመጣ ገባኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ ምነው ሳትጠይቀኝ ቀረህ? እንዴት ነው የምታደርጊው ብትለኝ እደብቅህ ነበር?» ትሪውን አስቀመጠችው። «እኔ ልጅ ሳለሁ ጥርሴን የነቀለኝ ሰውዬ አንድ ቃል ሳይናገረኝ ነው የነቀለኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለ ሰው ሲነካኝ አልወድም። በቃ እሱ ነው።»

ስለ አምባ ጊዮርጊሱ ሽማግሌ ላነሳ ስል ቀደመችኝ። «አያን አግኝቻቸዋለሁ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን በሕዝብ ማመላለሻ ሄጄ፣ ጠያይቄ፣ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ይዣቸው ወደ ጤና ጣቢያ ገባሁና ነቀልኩላቸው። ደህና ናቸው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ ልልህ አልችልም ገና። ሲወጣልኝ እነግርሃለሁ።»

እሺ አልኩና ሸራውን መልሼ ጋረድኩ። እኔ ያበላሸሁትን እሷ እኔን ሳታስፈልግ፣ ለማንም ሳትናገር ሄዳ አስተካክላዋለች። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ያንን ሳስብ፣ የሚያሳዝነው ነገር፣ በዚህም ቀናሁባት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ደባርቅ ሥራ አገኘችና ሄደች። ያ «ሲወጣልኝ» ያለችው ቀን መድረሱን በቃል ነግራኝ አታውቅም። ግን ከሄደች ከዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ስለ ታካሚ ልትጠይቀኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልፎ አልፎ ትደውላለች። እኔም በእጅ ሥራ ማንም አያማኝምና የማውቀውን እነግራታለሁ። ታካሚዎቼን ማናገርም ተለማምጃለሁ፤ እንደ እሷ አይሆንም፣ ቢሆንም አሁን ሽንት ቤት የሚጠይቁኝ ቀንሰዋል።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ጎልማሳ ራጅ ላከችልኝ። የመጨረሻው የታችኛ መንጋጋ ነው፤ ሥሩ ተቆልምሞ ወደ ነርቩ ተጠግቷል፤ እንዲህ ያለ ጥርስ በሙያ ዘመን ስንት ጊዜ ይገጥማል? ከወዴት እንደምትቆርጠው፣ በስንት ከፍላ እንደምታወጣው በስልክ ረጅም ጊዜ አስረዳኋት። ከሰዓት በኋላ ትሪ ላይ የተቀመጠውን ጥርስ ፎቶ ላከችልኝ፤ ምንም ሳይሰበር ሁለት ቦታ ተከፍሎ ወጥቷል። «እንዳልከኝ አደረግሁ። ሸጋ ሆኖ ወጣ» ብላ ጽፋበታለች። ፎቶውን እያጎላሁ ብዙ ጊዜ አየሁት። «ጎበዝ» ብዬ መለስኩላት፤ ከልቤ ነው። ያን ጥርስ ግን እኔ ባወጣው ኖሮ እያልኩ ነው የዋልኩት።